ጌቱን ከራሱ ሶርስ ለኩ

«ጋሼ፣ ጌቱ ላይ አስር ቮልት አለ። ሞተሩ ግን ንቅንቅ አይልም። የተበላሸው ሞተሩ ይሆን?»

ጠያቂው ዴልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአገሬ ልጅ ነው። ለኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚሆን የሞተር ድራይቨር ቦርድ ራሱ ነድፎ፣ ሰሌዳውን ቻይና አሠርቶ፣ ዕቃዎቹን በገዛ እጁ በይዶ ዴን ሃግ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ብየዳው ያምራል፤ እጁ የተባረከ ነው። እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ስድስቱንም ሞስፌቶች ነቅሎ በአዲስ ተክቷል፣ ከጓደኛው ሌላ ሞተር ተውሶ ሞክሯል፣ ኮዱንም ደጋግሞ ጽፏል። ፊውዝ አልተቃጠለም፣ የሞቀ ዕቃ የለም፣ ከሰፕላዩ የሚወጣው ከረንትም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

«አስር ቮልት ከምን?» አልኩት።

«ከግራውንድ ነዋ!»

ይህን ጽሑፍ የሚያጽፈኝ ይህ መልስ ነው። በዚህ ሙያ ስኖር በአንድ ነገር ላይ ግትር ሆኛለሁ፣ ግትርነቴንም የምተወው አይመስለኝም። ሞተር አልዞር ሲል ከሁሉ በፊት እያንዳንዱን ጌት ከራሱ ሶርስ ጋር ለኩ። ኮዱ ይቆይ፣ ሞተሩ ይቆይ፣ ካውያውም አይሙቅ።

ሥራውን ለምታውቁ ሰዎች ሞስፌት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልቃጣም። ብዙዎቻችን ግን በቃል የምናውቀውን ነገር ቴስተሩን ስናነሳ እንረሳዋለን። ሞስፌት ግራውንድን አያውቀውም። ቦርዱ ላይ የትኛውን መስመር ዜሮ ብለን እንደሰየምነው ጉዳዩ አይደለም። እሱ የሚሰማው ጌቱ ከሶርሱ በስንት ቮልት እንደሚበልጥ ብቻ ነው። የታችኞቹ ሦስቱ ሶርሳቸው ከግራውንድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከግራውንድ ብትለኩም እውነቱን ታገኛላችሁ፤ ክፉው ልማድ የሚለመደውም እዚያው ነው። የላይኞቹ ሶርስ ግን የሞተሩ ገመድ ነው። ትራንዚስተሩ ሲበራ ሶርሱ ከዜሮ ተነስቶ እስከ ባትሪው ድረስ ይወጣል። ባትሪው 36 ቮልት ከሆነ ጌቱ ከሶርሱ በ10 ወይም በ12 ቮልት እንዲበልጥ 46 ወይም 48 ቮልት ላይ መቀመጥ አለበት። ባትሪው ራሱ ይህን ያህል የለውም። የጎደለውን የሚያመጣው ቡትስትራፕ የምንለው አንድ ትንሽ ካፓሲተርና አንድ ዳዮድ ነው። የታችኛው ሞስፌት ሲበራ የሞተሩ ገመድ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ካፓሲተሩም በዳዮዱ በኩል ከድራይቨር ቺፑ 12 ቮልት ሰፕላይ ይሞላል። የታችኛው ጠፍቶ ተራው የላይኛው ሲሆን ካፓሲተሩ የሞላውን እንደያዘ ከሶርሱ ጋር አብሮ ሽቅብ ይወጣል። የላይኛው የሚኖረው የታችኛው በሠራለት ነው።

ወደ ልጁ ቦርድ ልመለስ። ሰፕላዩን ከአንድ አምፔር በታች ገደብኩት። በየጌቱና በየሶርሱ ላይ ቀጭን ሽቦ አስቀድሜ በየድኩ፤ ኤሌክትሪክ እያለ በሾለ ፕሮብ እነዚያን ጠባብ እግሮች መነካካት አልወድም፣ አንዴ ጌትና ድሬን ከተነካኩ ያልተበላሸውም ይበላሻል። ከዚያ ጥቁሩን ሽቦ በመጀመሪያው የላይኛው ሞስፌት ሶርስ ላይ፣ ቀዩን በጌቱ ላይ አደረግን። ዜሮ። ሁለተኛው ዜሮ፣ ሦስተኛው ዜሮ። የታችኞቹም ሦስቱ ዜሮ። ልጁ ቴስተሩን ተጠራጠረ። ጥቁሩን መልሶ ግራውንድ ላይ አደረገ፣ አስር ቮልቱ ቁጭ ብሏል።

ያ አስር ቮልት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ደስ ይላል። ስድስቱም ትራንዚስተሮች ሲጠፉ የሞተሩን ሦስት ገመዶች ወደ የትም የሚይዛቸው የለም። በድራይቨር ቺፑ በኩል የምታልፍ እጅግ ትንሽ ከረንት ከ12 ቮልቱ ተነስታ፣ በቡትስትራፕ ዳዮዱ ሾልካ፣ ገመዶቹን ወደ ላይ ትገፋቸዋለች። ቺፑ ደግሞ ትራንዚስተሩን ሲያጠፋ ጌቱን ከሶርሱ ጋር ያገናኘዋል፤ ስለዚህ ጌትም ሶርስም ተያይዘው አብረው ይወጣሉ። ከግራውንድ የለካ ሰው የሚያገኘው ሊያይ የሚመኘውን ቁጥር ነው፤ አስር ቮልት፣ ሞስፌትን በደንብ የሚያበራ ቮልቴጅ። ትራንዚስተሩ በርቷል ብሎ ያምናል፣ ከዚያ ሞተሩን መክሰስ ይጀምራል። ሞተር ነቅሎ ሞተር የሚተክል ሰው ባየሁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከበስተጀርባው እንዲህ ያለ የተሳሳተ ንባብ አለ።

«ቺፑ ቁጥሩ ስንት ነው?» አልኩት።

«አይ አር 2101» አለኝ።

አጉሊ መነጽሩን ሰጠሁትና ራሱ አነበበው፤ 2103 ይላል። 2101 ሲያልቅበት እግራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ይህኛውን አዝዟል። እውነትም ስምንቱም እግሮች ቦታቸው አንድ ነው። ልዩነቱ አንድ እግር ላይ ነው። 2101 ሁለቱንም መግቢያዎች እንደመጡ ይቀበላቸዋል። 2103 ግን የታችኛውን መግቢያ ገልብጦ ያነበዋል። የልጁ ኮድ ሦስቱንም ፌዝ በሳይን የሚነዳ ስለሆነ ሁልጊዜ ሁለቱን መግቢያዎች ተቃራኒ አድርጎ ይልካል፤ ላይኛው 1 ሲሆን ታችኛው 0። 2103 ይህን «ሁለቱንም አብራ» ብሎ ይሰማዋል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ከበሩ ባትሪው ሾርት ስለሚሆን በውስጡ ያለው መከላከያ ሁለቱንም ያጠፋቸዋል። ኮዱ ሲገለብጠውና ላይኛው 0 ታችኛው 1 ሲሆን ደግሞ «ሁለቱንም አጥፋ» ብሎ ይሰማዋል። እንዲህም ቢሆን እንዲያ የሚበራ የለም። በሁለቱ መካከል ኮዱ የሚተዋት ክፍተትም ከቺፑ የራሱ ክፍተት፣ ከ520 ናኖሰከንድ ገደማ፣ ስለምታንስ ተውጣ ቀረች። ቺፑ ደኅና፣ ኮዱ ደኅና፣ ሞስፌቶቹ አሮጌዎቹም አዲሶቹም ደኅና ነበሩ። መድኃኒቱ በፕሮሰሰሩ ታይመር ላይ የታችኞቹን መውጫዎች መገልበጥ ሆነ። ካውያው አልሞቀም።

በዚህ ዘዴ ላይ የሚከራከረኝ ሰው አለ። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ዴን ሃግ ውስጥ በአንድ ሪፔር ካፌ በፈቃደኝነት እሠራለሁ። እንዲህ ያለው ቦታ የተጀመረው እዚሁ ሆላንድ ነው፤ ማርቲነ ፖስትማ የምትባል ጋዜጠኛ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 2009 አምስተርዳም ላይ ከፈተችው፣ ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛል። ሰው የተበላሸ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፣ ቡናውን እየጠጣ ከጠጋኙ ጎን ቁጭ ብሎ ያያል። ከእኔ አጠገብ የሚቀመጠው ጡረታ የወጣ ሆላንዳዊ የኤሌክትሮኒክስ ሰው ነው፤ ያማረ ኦሲሎስኮፕ አለው፣ እውቀቱንም አከብረዋለሁ። የእሱ መንገድ ከፕሮሰሰሩ ተነስቶ ምልክቱን እየተከተሉ ወደ ፊት መሄድ ነው። የእኔ መንገድ ከጌቱ መጀመር ነው። ጌት ድንበር ነው። ስድስቱም ጌቶች ከየሶርሳቸው ጋር ትክክለኛ ቮልቴጅ ካላቸው ከድንበሩ ወዲያ ያለውን ኮድም ቺፕም ሰፕላይም ለጊዜው እተወዋለሁ፤ ችግሩ ትራንዚስተሩ፣ ገመዱ፣ ሞተሩ ወይም የማብራቱ ቅደም ተከተል ነው። ከሌላቸው ሞተሩን አልነካውም። በአንድ ልኬት የጥርጣሬው ግማሽ ይወድቃል። ከፕሮሰሰሩ የሚነሳ ሰው እዚህ ድንበር የሚደርሰው ከብዙ ቆንጆ ሞገዶች በኋላ ነው።

ከኦሲሎስኮፑ ጋር ሌላም ጠብ አለኝ። የኦሲሎስኮፕ መቆንጠጫ በግድግዳው ሶኬት በኩል ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ቦርዱም በአንድ በኩል ከመሬት ጋር ከተገናኘ፣ ለምሳሌ ሶኬት ላይ በተሰካ ላፕቶፕ በዩኤስቢ ገመድ በኩል፣ መቆንጠጫውን የላይኛው ሞስፌት ሶርስ ላይ ባደረጋችሁ ቅጽበት የሞተሩን ገመድ ከመሬት ጋር ሾርት አደረጋችሁ ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው መቆንጠጫውን ከግራውንድ አያነሳውም። እዚያው እንደተተወ ይቀራል፣ ዓመት ሲቆይም ሁሉን ነገር ከግራውንድ ማየት ተፈጥሮ ይሆናል። ሁለት ቻናል ተጠቅሞ አንዱን ከሌላው መቀነስ ወይም ዲፈረንሻል ፕሮብ መግዛት ይቻላል፤ ጎረቤቴም እንዲያ እንደሚያደርግ ይነግረኛል። በባትሪ የሚሠራው ተራ ቴስተር ግን ከመሬት ጋር ዝምድና የለውም፣ ሁለት ሽቦውን የፈለጋችሁበት ታደርጋላችሁ። ድራይቨሩ በ12 ቮልት እየሠራ ግማሹን ጊዜ የሚያበራ ከሆነ 6 ቮልት አካባቢ ያሳያችኋል፤ አማካዩን ስለሚያነብ ነው፣ ለመጀመሪያው ፍርድ ከዚህ በላይ አልጠይቅም። የሞገዱ ጠርዝ ሲጣመም፣ ትራንዚስተሩ እየሠራ ሲሞቅ፣ ያኔ ኦሲሎስኮፑን ከጎረቤቴ እዋሳለሁ።

አንዴ ነቅነቅ ብሎ የሚቆመው ሞተር ደግሞ ሌላ ነው፣ ይህንን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጥሩ ሞተር በከንቱ የሚጣለው በእሱ ምክንያት ነውና። አዲስ ቦርድ የሠራ ሰው «በትንሹ ከምሞክር ሙሉውን ልስጠው» ብሎ አንዱን ፌዝ 100 ከመቶ እንዲበራ ያዛል። የላይኛው ይበራል፣ ሞተሩ ይነቃነቃል። ነገር ግን የታችኛው ተራ ስለማይደርሰው ቡትስትራፕ ካፓሲተሩን መልሶ የሚሞላው የለም። ካፓሲተሩ ቀስ በቀስ ይጎድላል፤ ወደ 8 ቮልት አካባቢ ሲወርድ ብዙዎቹ ቺፖች ትራንዚስተሩን ለመጠበቅ የላይኛውን ያጠፉታል። ሞተሩ ዝም። ሰውየው ኃይል አነሰው ብሎ ባትሪ ይጨምራል፣ ትልቅ ሞስፌት ያዛል። ቴስተሩን ጌትና ሶርስ ላይ አድርጎ ማብሪያውን ቢጫን ግን ቁጥሩ ከ11 ምናምን ተነስቶ ሲወርድ፣ ከዚያም ወደ ዜሮ ሲዘጭ በዓይኑ ያየዋል። ከ95 ከመቶ አታሳልፍ ብሎ ኮዱ ውስጥ መጻፍ ይበቃዋል።

በ3.3 ቮልት ፕሮሰሰር ቀጥታ አይ አር ኤፍ ዜድ 44ን ለማብራት የሚሞክሩም አሉ። መረጃ ወረቀቱ ላይ «ከ2 እስከ 4 ቮልት» የሚለውን አይተው ነው። ያ ቁጥር ትራንዚስተሩ 250 ማይክሮአምፔር የሚያሳልፍበት እንጂ ሞተር የሚያዞርበት አይደለም፤ በደንብ እንዲበራ 10 ቮልት ይፈልጋል። የሆል ሴንሰሮችን ነገር በዝርዝር አላነሳውም፤ ፑል አፕ ሬዚስተር እንደሚፈልጉና በተለመደው ሞተር ሦስቱም ባንድ ላይ 0 ወይም 1 ከሆኑ ሽቦው ወይም ሴንሰሩ ችግር እንዳለበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ይህን ልማድ ያስያዙኝ ሰው ሞስፌት አይተው አያውቁም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፣ እኔ ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት መልስ እላላካቸው ነበር። ከሚመጡት ሬዲዮዎች ብዙዎቹ ፊሊፕስ ነበሩ፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1891 አይንድሆቨን ላይ የተቋቋመ ድርጅት ስሙ ከየትኛውም የሆላንድ ከተማ ስም ቀድሞ የገባኝ ነው። የድሮዎቹ የጀርማኒየም ትራንዚስተር ሬዲዮዎች ብዙዎቹ ግራውንዳቸው ፖዘቲቭ ነበር። ቆርቆሮውን ኔጌቲቭ ነው ብሎ የለካ ተማሪ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ይታየዋል። አለቃዬ ታዲያ አንድ ትእዛዝ ነበራቸው። ቤዙን ከኤሚተሩ ለካ፣ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ከዚያ አፍህን ክፈት። ጀርማኒየም ከሆነ 0.2 ቮልት አካባቢ፣ ሲልከን ከሆነ 0.6። ቁጥሩን ሳልጽፍ «ይቺ ትራንዚስተር ሞታለች» ያልኩ እንደሆነ ሬዲዮውን ከፊቴ አንስተው ለሌላው ልጅ ይሰጡት ነበር። ደንበኛ እየጠበቀ እንኳ አይቸኩሉም። እስክሪብቶው በክር ከጠረጴዛው ጋር ታስሮ ነበር፤ የለካንባቸውን ወረቀቶች በየሬዲዮው ዓይነት እየለዩ በካርቶን ያስቀምጡ ነበር፣ ተመሳሳይ ሬዲዮ ሲመጣ ካርቶኑን ያወርዳሉ። ያ ካርቶን በከተማው ከነበረ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ነበር እላለሁ።

ሆላንድ ከገባሁ በኋላ ወረቀት እስካገኝ ካምፕ ውስጥ የጠበቅሁበትን ጊዜ ያልኖረበት ሰው አያውቀውም። ለማንኛውም ጥያቄ መልሱ «ጠብቅ» ነበር። መቼ? ጠብቅ። ለምን? ጠብቅ። መሥራት አይፈቀድም ነበር። በዚያ ጊዜ ከአምስተርዳም ዋተርሎፕላይን የጎዳና ገበያ በርካሽ የገዛሁት መርፌ ያለው አሮጌ ቴስተር ነበረኝ። የካምፑ ሰው ቴፑን፣ ሬዲዮውን፣ የልጁን መጫወቻ መኪና ያመጣልኛል፤ ሶማሌው፣ ኢራቃዊው፣ ኤርትራዊው። ሽቦዎቹን አስቀምጥና መርፌው ይነሳል ወይም አይነሳም። በቀን ውስጥ ጠይቄው ወዲያው የሚመልስልኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሕፃን መጫወቻ ሞተር ፈትቼ ብሩሾቹን ሳጸዳ አነጋ ነበር። ጤንነቴን ይዤ ከዚያ ከወጣሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ሥራ ነው፣ ይህን ለልጆቼም ነግሬያቸዋለሁ።

ዛሬ ለሥራ ሮተርዳም የምመላለሰው ከዴን ሃግ ማዕከላዊ ጣቢያ በሚነሳው በኢ መስመር ሜትሮ ነው። ባቡሩ ሲነሳ የሚሰማው እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ የኢንቨርተሩ ነው፣ ሁልጊዜ ጆሮዬን እሰጠዋለሁ። እዚያ የሚሠሩት ትራንዚስተሮች ትልልቅ ናቸው፤ እግራቸው ሶርስ በመባል ፈንታ ኤሚተር ይባላል፣ በጌቱና በኤሚተሩ መካከል የሚፈለገው 15 ቮልት ገደማ ነው። ሕጉ አልተለወጠም። አምስተርዳም የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ትራም ያስኬደችው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው፤ አዲስ አበባ ቀላል ባቡሯን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015። በመካከሉ ያለው ከመቶ የሚበልጥ ዓመት እንዲህ ሰፊ ቢመስልም አሁን እየጠበበ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር ቤት እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚደወልልኝ በዝቷል። ትናንት ዲናሞና ካርቡሬተር ይፈቱ የነበሩ ልጆች ዛሬ ኢንቨርተር ይፈታሉ። ጎበዞች ናቸው።

የሚቸግራቸው ዕቃው ራሱ ነው። አንዳንዱ ኮንትሮለር ሙሉ በሙሉ በጥቁር ሙጫ ተሞልቶ ይመጣል። ሌላው ደግሞ የቺፖቹ ቁጥር በመፋቂያ ተፍቆ ነው የሚመጣው፤ ይህን የሚያደርግ አምራች ገዢውን እንደሚበድል በግልጽ እናገራለሁ። ውኃ እንዳይገባ ነው የሚለውን ሰበብ ለሙጫው እቀበለዋለሁ፣ ቁጥር መፋቅ ግን ውኃ አይከላከልም። ቁጥሩ ባይፋቅ የዴልፍቱን ልጅ ያቆየውን ዓይነት ችግር አጉሊ መነጽር ያለው ማንም ሰው በደቂቃ ያገኘው ነበር።

ቁጥር ቢፋቅም የሞስፌቱ ሦስት እግሮች አይፋቁም። ባለፈው ሰሞን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድ ልጅ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ፤ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ነው፣ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሄድም። «አንተ፣ ስድስቱንም ከየሶርሳቸው ለክተህ ጻፍና ወረቀቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» አልኩት። ጎማውን ከመሬት አንስቶ፣ ሞተሩ በቀስታ እንዲሞክር ትእዛዝ እየሰጠ ለካ። አምስቱ እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡ ናቸው፣ ስድስተኛው ከአንድ ቮልት በታች። የላይኛው ነው፤ የታችኛው ጓደኛው ደኅና ይሠራል። እንግዲህ የቀረው ዳዮዱ፣ ካፓሲተሩ፣ ጌት ሬዚስተሩ ወይም ቺፑ ነው። ካፓሲተሩን በቀጭን ካውያ አንስቶ ሲያየው ከሥሩ የተሰነጠቀ ሆኖ አገኘው። ከአሮጌ ኮንትሮለር ላይ አንድ ማይክሮፋራድ ነቅሎ ተካበትና መጀመሪያ ጌቱን ከሶርሱ ለክቶ ንባቡን ላከልኝ፤ ሞተሩ መዞሩን የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው።